ስንዝር የሚረዝመው ቀሚስ

ከነጻነት በኋላ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቼ የጎዳይፍን አውቶቡስ ልይዝ ፌርማታው ስደርስ፣ ተማሪዬን ሙኒያን መንገድ ዳር ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። አገጯ ተልጧል፤ የቀሚሷ ጫፍ ተተርትሮ ከጫማዋ ጋር ተጠላልፏል። ልጅቷ የሰባት ዓመት ናት፤ ቀሚሱ ግን ለአሥር ዓመት ልጅ ይበቃል። በዚያ ወር ስትወድቅ ሦስተኛዋ ነበር። አውቶቡሱን ትቼ፣ እጇን ይዤ ገዛ ባንዳ ሰፈር ወዳለው የአያቷ ልብስ ስፌት ቤት ወሰድኳት።

አያቷ ጋሽ ጁማ ከወሎ ወደዚህ ከተማ የመጡት በወጣትነታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት የመኮንኖችን ኮትና ሱሪ ሲሰፉ ኖረው፣ መንግሥት ተለውጦ ደንበኞቻቸው ሲሄዱ እርሳቸው ቀሩ። ከሁለቱ የስፌት መኪናዎቻቸው አንዱ ሥራ ፈትቶ ነበር። ስንገባ ያ መኪና በገመድ ታስሮ በሩ ሥር ቆሟል፤ የልጃቸው ሚስት ዙህራ፣ የሙኒያ እናት፣ ከፊቱ ተገትራለች።

«መምህር፣ እንኳን መጡ» አለችኝ። «ገዢው አሁን ሊወስደው ይመጣል። የልጆች ልብስ ልስፋበት ብዬ ብለምን ብለምን አባባ እምቢ አሉ።»

ጋሽ ጁማ የልጅቷን አገጭ አይተው ብድግ አሉ። «ደግሞ ወደቅሽ? እግርሽን አታዪም?»

«እግሯ የታለና ታየዋለች!» አለች ዙህራ። «ቀሚሱ ውጦት!»

«ታድግበታለች ብዬ ስንዝር ጨምሬ ነው የሰፋሁት።»

«ያለፈው ዒድ ቀሚስስ? ልኳ እስኪሆን ጫፉ መሬት ጠርጎ አለቀ፤ ወለል መወልወያ አደረግሁት። ይቺ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ልኳ የሆነ አዲስ ልብስ ለብሳ አታውቅም፣ አባባ። አዲስ ሲሆን ይረዝማታል፤ ልኳ ሲሆን ያረጃል።»

«ልጅ ያድጋል፣ ጨርቅ አያድግም። ለሦስት ወር ልብስ የሚያሰፋ አባት የት አለ? የልጅ ልብስ ሥራ አይሆንም ያልኩሽ ለዚህ ነው!»

ይህን ንግግር ከስንት ወላጅ እንደሰማሁት አልቈጥረውም። እውነትም አለበት፤ የሚያናድደውም እርሱ ነው። ቢሆንም ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ጋሽ ጁማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተማሪዎቼ ሲጽፉ እጅጌያቸው ቀለም ይጠርጋል። ሩጡ ስላቸው ግማሾቹ ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው ይቆማሉ። ለከርሞዋ ልጅ ስንሰፋ የዘንድሮዋን እየጣልናት እኮ ነው።»

«መምህር፣ እርስዎ ፊደሉን ያስተምሩ፤ ልኩን ለእኔ ይተዉልኝ። ለስንት ሻለቃ ሰፍቼ ‹ረዘመኝ› ያለኝ የለም።»

«ለሻለቃው ስንዝር ጨምረውለት ነበር?» አለች ዙህራ።

«ሻለቃ ያድጋል እንዴ!»

«ሆዱ ያድግ ነበር።»

እኔ ሳቅሁ። ጋሽ ጁማ ግን አልሳቁም። ዙህራ ከዘንቢሏ በእጇ የሰፋችውን ቀሚስ አውጥታ ለሙኒያ አለበሰቻት። ልጅቷ ሳይነግሯት እስከ በሩ ሮጣ ተመለሰች።

«ያምራል፤ እስከ ዒድ» አሉ ሽማግሌው።

ዙህራ የቀሚሱን ጫፍ ገልብጣ አሳየቻቸው። ከውስጥ ሦስት እጥፋት ነበረው። «ልጅ ሲረዝም እናት አንዱን ትተረትራለች። እጅጌውም እንዲሁ።»

«እጥፋቱ የነበረበት መስመርስ? ላዩን ፀሐይ አንጥቶት ውስጡ አዲስ ይሆናል፤ መሳቂያ ልታደርጊያት ነው!»

«መስመሩ ላይ ጥብጣብ ይሰፋበታል። ለጌጥ የተደረገ ነው የሚመስለው።»

ጋሽ ጁማ መነጽራቸውን አደረጉ። እጥፋቱን በጣታቸው እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ። «ማነው ያስተማረሽ?»

«ሦስት ልጅ፣ አባባ። እርስዎ እዚህ ኮት ሲሰፉ እኔ ቤት ውስጥ ስተረትርና ስሰፋ ነው የኖርኩት።»

«ስፌትሽ ወፍራም ነው» አሉ በቁጣ። «ሲተረተር ቀዳዳው ይቀራል። ይህ በቀጭን መርፌ፣ በላላ ክር ነው የሚያዘው።»

«በእጄ ነዋ የሰፋሁት! መኪናውን ሊሸጡት አይደል!»

«ዞር በይ፤ ላሳይሽ ብቻ ነው» ብለው ገመዱን ፈቱና ተቀመጡ።

ሁለተኛውን እጥፋት እየሰፉ ሳለ ገዢው፣ የቤት ጊዮርጊስ ሰፈር ነዋሪው ሃብተሚካኤል፣ በሩ ላይ ቆመ። «ከመይ ውዒልኩም» ብሎ በትግርኛ ሰላምታ ሰጠ። «ካሮ ይዤ መጥቻለሁ» አለ፣ ደጅ የቆመውን የፈረስ ጋሪ እያሳየ።

ጋሽ ጁማ ቀና አላሉም። «ወንድሜ፣ አይሸጥም። ሥራ ይዟል።»

«እንታይ ማለት እዩ? ካሮ ተከራይቼ!»

«ልጆች አሉህ?»

«እወ፣ አራት።»

«እንግዲያው ይዘሃቸው ና። ለካሮው ብለን የአንዱን በነጻ እንሰፋለን።»

ሃብተሚካኤል እያጉረመረመ ሄደ። በሳምንቱ ግን አራቱንም ይዞ መጣ፤ ሚስቱ ልካዋለች።

ያ መኪና ከዚያ በኋላ ሥራ አልፈታም። የሄዱት መኮንኖች አልተመለሱም፤ የከተማው ልጆች ግን በየዓመቱ ይበዙ ነበር። እናቶች አንዱን ልብስ እየተረተሩ ሦስት ዓመት አስለበሱት። ተማሪዎቼም ሱሪያቸውን ለቀው ሁለት እጃቸውን እያወናጨፉ መሮጥ ጀመሩ። እንዲህ ያለውን ለውጥ ያመጣው አንዲት እናት ቤቷ ውስጥ የምታደርገውን እንደ ሥራ መቍጠሯ ነው።

ለሚቀጥለው ዒድ ሙኒያ ስትለካ እኔም ነበርኩ። ጋሽ ጁማ ሜትሩን ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ ዘርግተው ቁጥሩን ጠሩ፤ ከዚያ እጃቸው ሳያስቡት ስንዝር ለካ።

«አባባ!» አለች ዙህራ።

«ምን ትጮኺያለሽ? አልተውኩትም፤ አልተውም!» አሉና፣ ስንዝሩን ወደ ውስጥ አጥፈው በመርፌ ያዙት።