የአቶ ጀቤሳ የመርዝ ማርከሻ

ከቆርቆሮው አጥር ማዶ «ፍስ... ፍስ...» የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ሳል፤ ከሳሉ በኋላ እንትፍታ። ከጤና ኮሌጅ ወደ ቤቷ ትወጣ የነበረችው ኪያ ቆም ብላ በቀዳዳው አየች። ጎረቤቷ አቶ ጀቤሳ በባዶ እጃቸው የጓሮ ጎመናቸው ላይ የተባይ መርዝ ይረጫሉ።

«አባባ፣ ምነው እንዲህ ላብ አጠመቀዎት?»

«ፀሐዩ ነዋ!»

ሰማዩ ግን ከእንጦጦ እስከ ጳውሎስ ዳምኖ ነበር። ኪያ ሮጣ ገባች። ሽማግሌው ለሃጫቸው ይዝረበረባል፣ እንባቸው ይወርዳል፣ የክንዳቸው ሥጋ ለብቻው ይርገበገባል፤ የዓይናቸው ብሌን ጠቦ የመርፌ ጫፍ አክሏል።

«መርዙ ገብቶብዎታል፤ አሁኑኑ ሆስፒታል እንሂድ።»

«ገና ሳትመረቂ በእኔ ልትለማመጂ ነው? መርዝን ወተት ያረክሰዋል። ዓለምነሽ! ወተት አምጪ!»

ባለቤታቸው ጆግ ይዘው ብቅ አሉ።

«እትዬ፣ ይተዉት፤ ትን ይላቸዋል። ይኼ ፎስፈረስ ያለበት መርዝ ነርቭ ነው የሚይዘው፤ ሳንባቸው በፈሳሽ ከተሞላ... በቃ፣ ማርከሻው ያለው ሆስፒታል ነው።»

«ስንት ዘመን ረጭቼ ምን ሆንኩ? ለታችኛው ጎረቤታችን ለጉታም ከዚሁ መርዝ ቀንሼለት ነበር፤ እሱስ ምን ሆነ?»

«ስንት ዘመንስ እንዲህ ለሃጭዎ ፈሷል?»

አቶ ጀቤሳ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ አጠራቸው። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ፤ የገዛ ደረቱ ሲከዳው የማያምን ሰው የለም። እትዬ ዓለምነሽ እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው ልብሳቸውን አወለቁላቸው፤ በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥበው በታክሲ ይዘዋቸው ወረዱ። ሐኪሞቹም ኦክስጅን ሰጥተው፣ ደረታቸው እስኪጠራ ድረስ አትሮፒን የሚባለውን መርፌ እየደጋገሙ ወጓቸው።

ድነው ሲመለሱ ኪያ ልትጠይቃቸው መጣች።

«መርፌው አፌን አድርቆት» አሉ እየሳቁ፣ «ከዓለምነሽ ጋር እንኳ መከራከር አቅቶኝ ሰነበትኩ! እሺ፣ ተሸነፍኩ፤ ወተቱ ለሻይ ይሁን። ከእንግዲህስ ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ ተባዩን በእጅ ይልቀሙት፣ በውሃ ያራግፉት። የግድ ከሆነም ጓንት፣ ማስክ፣ ረጅም እጅጌ፤ ነፋሱን በጀርባ አድርጎ መርጨት፣ ሲጨርሱ ገላን መታጠብ። የመርዙ ዕቃ መለያ ላይ የተጻፈው ጊዜ ሳይደርስ ጎመኑ አይቀጠፍም። ያኔ እርስዎም ጤና፣ ጎመኑን የሚበላውም ጤና፤ የሐኪም ቤት ደጅ መጥናትም ቀረ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

«ከሁሉ በላይ ደግሞ መርዝ በሃይላንድ ተገልብጦ አይቀመጥም። ልጆች ውሃ መስሏቸው ይጠጡታል።»

«በሃይላንድ? ለጉታ የቀነስኩለት...»

የአቶ ጀቤሳ ሳቅ ተቋረጠ። ከጉታ ግቢ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ብድግ አሉ፤ አንድ ነጠላ ጫማቸው ወልቆ ቀረ።

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

በሩን በርግደው ወደ ጉታ ቤት ወረዱ።