ጀፎረውን የሰጠሁት እኔ ነኝ

በእኛ ጊዜ ጀፎረ አይነካም ነበር። ጀፎረ፣ ይሄ በሁለቱ ረድፍ ቤት መሃል የሚያልፈው ሰፊ ሣር፣ ልጅ የሚዳርበት፣ ሬሳ የሚሸኝበት፣ አንድ ሰው አጥሩን ክንድ ታህል ወደሱ ገፋ ከተባለ ሽማግሌ ተሰብስቦ «መልስ!» ይለዋል፣ ይመልሳል። እና ያንን ጀፎረ ማን ሰጠው ብትሉኝ እኔ ነኝ። እኔ ዘርጋ። ሌላ ሰው እንዳታሙ።

እንዴት መሰላችሁ፣ አንድ ቀን ከወልቂጤ አንድ የቢሮ ሰው መጣ፣ ከሱ ጋር ደግሞ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካበት በጣቶቹ የሚራመድ፣ ባለሀብቱ የላከው የአዲስ አበባ ሰው አለ። ልብስ ሰፍቶ ባሕር ማዶ የሚልክ ፋብሪካ ሊተከል ነው አሉን። የቢሮው ሰው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አባቶቼ፣ ባለሀብቱ የእኛን ወልቂጤንም ቡታጅራንም እያየ ነው፤ ቀድሞ ቦታ ያዘጋጀ ይወስደዋል!» አለ። ታዲያ ቡታጅራ ሲል ደሜ ፈላ። ቡታጅራ ሊወስድብን! ያ ባለጫማው ደግሞ ጀፎረውን አየና፣ እንዲህ አፉን ጠበብ አድርጎ፣ «ይሄ ባዶ ቦታ የማን ነው?» አለ። ባዶ ቦታ! ያኔ መናደድ ነበረብኝ። አልተናደድኩም። «የኛ ነው፣ ውሰዱት» አልኩ።

ምሕረትን እያሰብኩ ነው ያልኩት። ይቺን፣ የልጄን ልጅ። ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ነበር፣ እና በደጃፏ ሥራ ገብታ ማታ ከኛ ጋር እራቷን ትበላለች ብዬ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ወልዴ ብቻ ተቃወመኝ። ከዘራውን ተደግፎ ተነሳና፣ «ዘርጋ፣ እኔ ስሞት በየት ልታወጡኝ ነው?» አለኝ። እኔስ ምን አልኩ? «ጋሼ፣ አንተንማ በፋብሪካው መኪና ነው የምናወጣህ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ታላቅ ወንድሜን አሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም፣ ተቀመጠ።

ታዲያ ጣታችንን ቀለም ነክረን ፈረምን። በሳምንቱ ቆርቆሮ መጣ፣ ታጠረ። ጠበቅን። ክረምቱ አለፈ፣ ጠበቅን። በኋላ ወልቂጤ ሄጄ ያንን የቢሮ ሰው ያዝኩት።

«ፋብሪካውስ?» አልኩት።

«አባቴ፣ ባለሀብቱ ባቡር ያለበት፣ ለወደብ የሚቀርብ ከተማ ሄደ። ዕቃው ወደ ውጭ አይደል የሚሄደው? መንገዱ ማጠር አለበት።»

«ቡታጅራም አልሄደ?»

«ቡታጅራም አልሄደ።»

እና ትሰሙኛላችሁ፣ እኔ ሞኙ በዚህች ትንሽ ደስ አለኝ! እስከዛሬ የማፍረው በሷ ነው። ከዚያ «እንግዲያው ጀፎረውን መልሱልን» ስለው፣ «ኧረ አይሆንም አባቴ፣ ለኢንቨስትመንት ተይዟል፣ ሌላ ባለሀብት እየጠበቅን ነው» አለኝ። ያው ዛሬም እየጠበቁ ነው። ሣሩ ሰው አክሏል፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ እናየዋለን፣ ላም እንኳ አይገባበትም።

በተከታዩ ክረምት ወልዴ ሞተ። በየት እናውጣው? በጓሮ ነዋ፣ በሰው እንሰት መሃል፣ በጭቃ፣ ቅጠሉን በክንዳችን እየገፋን። ለቀስተኛው ጎን ለጎን መሄድ አልቻለም፣ አንድ ባንድ እየሆነ ኋላችን ተንጠባጠበ። ቃሬዛው አንዴ ዘመመ፣ ሮጬ ትከሻዬን ሰጠሁ። እና ስለዚያች መኪና አንድም ሰው አላነሳብኝም። ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር።

ታዲያ ፋብሪካው አልመጣ ሲል ልጆቹ እሱ ወዳለበት ሄዱ። ምሕረትም ሄደች። አራት ሆነው በአንድ ክፍል ያድራሉ። ያን ቀን ወልዴን የተሸከሙት ጎረምሶች ዛሬ አንድም እዚህ የለም፣ እዚያ ሸሚዝ ይሰፋሉ። ያ ከተማ አደገ ይሉኛል፣ ሆቴሉ፣ ክሊኒኩ፣ ፎቁ። ማን ነው ያሳደገው? የኛ ልጆች አይደሉም? ለኛ የደረሰን ቆርቆሮው ነው። ይቆጨኛል፣ ምን ልበላችሁ፣ ያንገበግበኛል።

በሉ አሁን ንገሩኝ፣ እኔንስ በየት ልታወጡኝ ነው? እሺ በጓሮ ይሁን፣ ለኔ ይገባኛል። ማን ነው የሚሸከመኝ? እነዚህ እንደኔ ከዘራ የያዙት ናቸው? ምሕረት፣ ነገ ወደ ፋብሪካሽ ተመላሽ ነሽ አይደል፣ አንቺ ተናገሪ እስቲ። ያን ቀን ሰው ይዘሽልኝ ትመጫለሽ?

ምሕረት አንገቷን ደፍታ፣ «እንመጣለን አባባ» አለች፣ «ፈቃድ ከሰጡን።»