የመገናኛው ጠሪ፣ የአቶ ዱጋሳ ጉዲሳ ዜና ሕይወትና ክፍት የቀረው ስምንተኛ ቦታ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የእድራችን አባላት፣ ከአባዶ፣ ከኮተቤና ከእንጦጦ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ አጭር እንዳደርገውና ከሁሉም በላይ እንዳላጋንን፣ የሟች ባለቤት የሆኑት እህቴ ወይዘሮ ሰገነት አጥብቀው አዝዘውኛልና፣ ከምትሰሙት ውስጥ የተጋነነ የሚመስል ነገር ቢገኝ ጥፋቱ የሟች ኑሮ እንጂ የአንባቢው አይደለም።

አቶ ዱጋሳ ጉዲሳ ከአባታቸው ከአቶ ጉዲሳ ፉፋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳርቱ በመስከረም ወር 1950 ዓ.ም፣ ዛሬ የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በቆመበት፣ ያኔ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ ተወለዱ። ሲወለዱ ያሰሙት ለቅሶ በሦስት መንደር ያሉ ከብቶችን ከግጦሽ አስነስቶ ወደ በረት ያስገባ በመሆኑ፣ አባታቸው፣ «ይህ ልጅ ወይ ዳኛ ይሆናል፣ ወይ ጎረቤት ያጣል» ብለው ነበር። እርሳቸው ግን ሁለቱንም ሳይሆኑ ጠሪ ሆኑ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ኮተቤ ገብተው ሲማሩ፣ በ1964 ዓ.ም ከባሕር ማዶ የመጡ አንድ የሒሳብ መምህር፣ ተማሪው ማዕዘንና ጎን አልገባው ቢላቸው፣ ስምንት ልጆች አራት ጥንድ አድርገው በሜዳው ላይ በአራት ማዕዘን አቆሙና ስኩዌር ዳንስ የሚባለውን ጭፈራ አስተማሩ። በዚህ ጭፈራ ስምንቱ ሰዎች ቀጥሎ የሚመጣውን አያውቁም፤ ጠሪው ከዳር ቆሞ «ቀኝ እጅ ስጥ፣ ጎረቤት ለውጥ፣ በግራ ዙር» እያለ ያዛል፣ እነርሱም ሰምተው ወዲያው ይፈጽማሉ፣ በመጨረሻም ሁሉም ከጥንዱ ጋር ተነሥቶ ወደነበረበት ቦታ፣ ማለት ወደ «ቤቱ» መመለስ አለበት። አንድ ሰው ከተሳሳተ ስምንቱም ይበተናሉ። መምህሩ በ1966 ዓ.ም ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትእዛዞቹ የተጻፉበት አንድ ደብተር ትተው ቢሄዱ፣ አቶ ዱጋሳ አራት የቢራና አራት የብርቱካን መጠጥ ቆርኪ ሰብስበው፣ የቢራውን ወንድ፣ የብርቱካኑን ሴት አድርገው፣ ማንም ሳያያቸው ለአርባ ዓመት ያህል ሲያስጨፍሩ ኖሩ። በመካከሉ መንግሥት ሁለት ጊዜ ተለወጠ፤ ቆርኪዎቹ ግን አልተለወጡም።

ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ መገናኛ ታክሲ ተራ በጠሪነት ተቀጠሩ። ድምፃቸውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ግን፣ መገናኛ ቆመው «ኮተቤ!» ሲሉ እንጦጦ ራጉኤል ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ቦርሳውን ይዞ ይነሣ ነበር ብል ይበቃል። ወይዘሮ ሰገነትም ያኔ ወደ አራት ኪሎ የሚሄዱ ወጣት መምህርት ሳሉ፣ ጥሪው ጥሟቸው ሳያስቡት ኮተቤ ታክሲ ውስጥ ገብተው ተገኙ። «ይህ እኮ ወደ አራት ኪሎ አይሄድም» ብለው አቶ ዱጋሳ ቢነግሯቸው፣ «ታዲያ ለምን እንደዚያ አድርገህ ትጠራለህ?» ብለው ተቆጡ፤ በማግሥቱም ደግመው ተሳሳቱ፤ ለሦስት ሳምንትም እንዲሁ ተሳሳቱ። በመጨረሻ በ1978 ዓ.ም በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ።

ከጋብቻው በፊት ግን ወላጅ አባታችን ቄስ እንድርያስ፣ የእንጦጦ ሰው ናቸውና፣ ስለ ቆርኪዎቹ ከእህቴ ሰምተው አቶ ዱጋሳን አስጠሯቸው። «ልጄ፣ ዘፋኝ ነህ አሉኝ» ቢሏቸው፣ «አይደለሁም አባቴ፣ ሒሳብ ነው» አሉ። «እግር ይነሣል?» «ይነሣል።» «እጅስ?» «ይሰጣል እንጂ አይነሣም።» አባታችን፣ «በመጨረሻስ ሰዎቹ የት ይደርሳሉ?» ሲሏቸው፣ «እያንዳንዱ ከገዛ ሚስቱ ጋር ቤቱ ይገባል» አሉ። «እንግዲያስ ከሰርግ ይሻላል» ብለው መረቁ።

ጊዜው ደርሶ የአባታቸው መሬት ለቤቶች ልማት ሲነሣ፣ አቶ ዱጋሳ በተወለዱበት ማሳ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ተሰጣቸው። «ሽምብራ የዘራሁበት ላይ እኔው ተደርድሬ በቀልኩ» ይሉ ነበር። ነገር ግን ከየሰፈሩ በዕጣ የመጣው ሰው ደረጃ ላይ ተላልፎ ሰላምታ የማይሰጣጥ መሆኑ እጅግ አሳዘናቸው። ስለዚህ ቆርኪዎቹን አስቀምጠው ሰዎቹን ያዙ፤ በየእሑዱ በጋራ መገልገያው ሕንፃ እየጠሩ፣ በመጀመሪያ ስምንት፣ በኋላም ሠላሳ ሁለት ሰው አስጨፈሩ። ቀኝ እጅ ሰጥቶ የዞረ ሰው በማግሥቱ ደረጃ ላይ እንዴት ዝም ብሎ ያልፋል? ከዚያ ሕንፃ ይህ እድር ተወለደ፣ ሁለት ጋብቻም ተወለደ፤ አንድ የውኃ ቆጣሪ ጠብም በዚያው ሞተ።

በ2009 ዓ.ም ደግሞ በየዓመቱ በጥቅምት፣ እንጦጦ ላይ በባሕር ዛፉ መካከል አዳራሽ ተከራይተው፣ ቅዳሜና እሑድ የሚቆይ የከፍተኛና የፈታኝ ደረጃ ጭፈራ ጀመሩ። ቅዳሜ ለከፍተኛው ደረጃ ሠላሳ ሁለቱም ይገባሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚመጣው ፈታኙ ግን ስምንት ሰው ብቻ የሚደፍረው፣ ሰባ ትእዛዝ ያለ ዕረፍት የሚወርድበት ነበር። የአቶ ዱጋሳ የሕይወታቸው ምኞት አንድ ነበረች፤ ያንን ጥሪ ሳይበተኑ ጨርሰው ቤታቸው የሚገቡ ስምንት ሰዎች ማየት። ለዘጠኝ ጥቅምት አልተሳካም። ምክንያቱን ስምንቱም ያውቁታል። በግራ ሲባል በቀኝ የሚዞረው አካሉ እንድርያስ፣ ማለትም ይህን ወረቀት የያዘው ሰው ነበር። ጥንዴ ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ እዚህ ቆመዋል፣ «አቶ አካሉ፣ መሪ ጌታ ሳይሆን መሪ አልባ ነዎት» ብለውኛል፤ የረገጥኩባቸውን ጣትም በየዓመቱ ለምስክር ያሳዩ ነበር። አቶ ዱጋሳ ግን አንድም ቀን ውጣ አላሉኝም። «ሰው አውጥቼ የማገኘው ስምንት፣ ስምንት አይባልም» ይሉ ነበር።

ይልቁንም ሌላ ነገር አስተማሩን። በፈታኙ ደረጃ አንድ ሰው ቢጎድል ጭፈራው አይቆምም፤ የቀሩት የሌለው ሰው የት ሊሆን እንደሚገባው እያሰቡ፣ እጅ በሚሰጥበት እጅ እየሰጡት፣ በቦታው በኩል ሳያቋርጡ፣ እስኪያልፍ እየጠበቁት ይጨፍራሉ። እኛ ግን፣ «ዱጋሳ ደግሞ ለነፋስ እጅ ስጡ ይለናል» ብለን ሳቅን። ወይዘሮ ሰገነትም፣ «እኔ ጠሪ አግብቼ ከሌላ ሰው ጋር ስጨፍር አረጀሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ገብተህ እጄን አትይዝም?» ይሏቸው ነበር። ጠሪ ከዳር ይቆማልና፣ በዚያን ሁሉ ዓመት አቶ ዱጋሳ አንድም ቀን ገብተው አልጨፈሩም።

ባለፈው ዓመት የጉሮሮ ሕመም አገኛቸው፤ ሐኪሞች በሚችሉት ሁሉ ቢረዷቸውም ያ እንጦጦ የሚደርስ ድምፅ በነሐሴ ጨርሶ ጠፋ። ልጃቸው ዲንቄ፣ «አባዬ፣ የዘንድሮው ይቅር» ብትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሰባውን ትእዛዝ በሰባ ካርድ ላይ ጽፈው፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም እሑድ፣ ጋቢ ተደርቦላቸው አዳራሹ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ካርዱን ማን ያንብብ ሲባል፣ በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። እኔ ከወጣሁ ሰባት ሰው ቀረ። ወይዘሮ ሙሉነሽም ከጎናቸው ያለውን ባዶ ወለል ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ይሁን፤ ይኼኛው ቢያንስ እግር አይረግጥም» አሉ።

አነበብኩ። ሰባቱ ተንቀሳቀሱ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ለማይታየው ሰው እጅ ሰጡት፣ ወይዘሮ ሰገነት ዞረው ተቀበሉት፣ ሌሎቹም አሳለፉት። በሃምሳኛው ካርድ ላይ ምላሴ ቢሰናከልም እግራቸው አልተሰናከለም። የዚያን ቀን ባሕር ዛፉ ሁሉ ነፋሱን ይዞ ቆመ ብል ሰገነት ይቆጡኛልና፣ ቅጠሉ ብቻ ቆመ እላለሁ። ሰባኛው ካርድ «ወደ ቤት» የሚል ነበር፤ ሰባቱም ቤታቸው ገብተው ቆሙ፣ ስምንተኛውም ቦታ በሥርዓቱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዲንቄ እልል አለች። አቶ ዱጋሳ እንባቸውን በጋቢ ጠርገው፣ በአንድ ካርድ ጀርባ ጽፈው ሰጡኝ፤ «አካሉ፣ ያንተ ቦታ እዚህ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አባከንን።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሰላም ያለው ኑሮ ኖረው፣ ንስሐ ገብተው፣ ቅዱስ ቊርባን ተቀብለው፣ ረቡዕ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም፣ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው፣ ከተወለዱበት መሬት አራት ፎቅ ብቻ ከፍ ብለው ዐረፉ።

ትናንት ከሰዓት ጨፋሪዎቹ ድንኳን ውስጥ ተሰብስበው፣ «ያለ እርሳቸው እንጦጦ ምን እንሠራለን? በዚሁ ይብቃ» ሲሉ፣ ወይዘሮ ሰገነት ተነሥተው ከሟች ትራስ ሥር ያገኙትን አዲስ የካርድ ጥቅል አመጡ። ለመጪው ጥቅምት ተጽፎ ያለቀ ነው። የላይኛው ካርድ እንዲህ ይላል፤ «አካሉ ያንብብ። አንድ ቦታ ክፍት ይሁን። ዘንድሮ እኔ ልግባ።» ወይዘሮ ሙሉነሽም ይህን ሰምተው፣ ከዚያ ክፍት ቦታ አጠገብ ያለውን የራሳቸውን ቦታ ለወይዘሮ ሰገነት ለቀቁ። «ጥቁሬን እንደለበስኩ እቆማለሁ» ብለዋል ሰገነት።

አቶ ዱጋሳ ጉዲሳ ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ዲንቄንና ሞቲን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ አንድ ቀኝና ግራ የማያውቅ አማች፣ ሰላምታ የሚሰጣጡ ስድስት ሕንፃዎችና ስምንት ቆርኪ ትተው ሄደዋል። ሰዎችን ሁሉ ወደ ቤታቸው ሲመልሱ ለኖሩት አገልጋዩ፣ ጌታ እግዚአብሔር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ቦታ ሰጥቶ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። እኛም በጥቅምት፣ ጊዜው ሲደርስ፣ እጃችንን እንዘረጋላቸዋለን። አሜን።