እናቴ በር ላይ ከንፈር ስትፈትሽ

እኔ ከብት ደላላ ነኝ፤ የሰንበቴ ገበያ ፀሐይ አናቴን በመታኝ ቁጥር ከንፈሬ ላይ ምች ይወጣብኛል። ዳማከሴውም የሐኪሙ ቅባትም ያስታግሱታል እንጂ ከነጭራሹ አይነቅሉትም፤ ለምጄዋለሁ። የዘንድሮው ግን የወጣብኝ እህቴ ዘሃራ በወለደች ሰሞን ነው። ከሚሴ እናቴ ቤት ደርሼ ገና ከመግባቴ እናቴ ሕፃኗን ታቅፋ፣ «ኮቱ፣ ና ልጄ፣ ሳማት!» ብላ ዘረጋችልኝ። አፌን በፎጣዬ ሸፍኜ ወደ ኋላዬ ሸሸሁ። «አልስማትም እማ! ሐኪሙ ይሄ ቁስል ጨቅላ ሕፃን ሊገድል ይችላል ብሎኛል።» «ያ ረቢ! ምች ከፀሐይ ነው እንጂ ከሰው ይጋባል እንዴ? ሴት ስለሆነች ነው የተጠየፍካት!» አለችና ፊቷን አዞረችብኝ።

ቅርፊቱ ረግፎ ከንፈሬ ሲድን ተመልሼ ሄድኩ። ለካ ልጅቷን ለክትባት ሲወስዷት ነርሷም ያንኑ ነግራቸው ኖሯል! እናቴ በሩን ይዛ ቆማለች፤ ሰፈሩ የሚፈራቸውን ሽማግሌ፣ «ሼህ ሰይድ፣ አፉ ይበሉኝ፣ ከንፈርዎ ቆስሏል፤ ዱዓዎን ከደጅ ያድርጉልን» ስትል ደረስኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ከንፈሬን በጣቶቿ ፈልቅቃ፣ እኔ የወይፈን ጥርስ እንደማይ አገላብጣ አየችኝና፣ «ይሄኛው ንጹህ ነው፤ ይግባ!» አለች። ገብቼ የልጅቷን እግር ሳምኩ። የስንቱን በሬ አፍ ከፍቼ ያየሁ ሰውዬ፣ እንደዚያ ቀን በገዛ አፌ ኮርቼ አላውቅም።