ባለጉዳይዋ ሲናገሩ

ከባምባሲ ወደ አሶሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንዲት የቤርታ እናት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እናትየዋ ናቸው ባልጠራ አማርኛ ወሬ የጀመሩት።

«ልጄ፣ ለምን ታለቅሳለህ?»

«ፈተና ወድቄ ነው፣ እማማ።»

«የምን ፈተና?»

«የሕግ ረዳትነት የብቃት ምዘና። ባልፍ ኖሮ ፍርድ ቤት ለሚሄዱ ሰዎች አቤቱታ እጽፍ ነበር።»

«ሕጉ ከበደህ?»

«ሕጉንስ መልሻለሁ። ለተግባሩ ግን እውነተኛ ባለጉዳይ አቀረቡልኝ። እንደ እርስዎ ያሉ እናት ነበሩ።»

«እሺ።»

«‹ባሌ መታችኝ› ሲሉ ሳቅሁ።»



«ሴትየዋ ምን አለ?»

«ተነሥተው ወጡ። መዛኙም ‹ገና ብቁ አይደለሽም› አለኝ። እቤት ግን ጥያቄው ከብዶኝ ነው ብያለሁ።»

«እኔ የመሬት ክርክር አለኝ። ፍርድ ቤት ልጄ ነው የሚናገር። እኔ አልናገርም።»

«ለምን፣ እማማ?»

«ይስቃሉ።»

ልጅቷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«እኔን ምን አደረግህ? ሴትየዋን ፈልግ።»

እኔም መጀመሪያ በአማርኛቸው ፈገግ ብዬ ስለነበር፣ አሶሳ እስክንገባ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።