የፋሲካ አዳነን ፊት ስላቃጠለው ክሬም የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ አሰለፈች እሸቴ
ዕድሜ፦ 48
አድራሻ፦ ደቡብ ጎንደር፣ ገሳይ
ሥራ፦ ግብርና
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ ደብረ ታቦር፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት

የተበዳይ ፋሲካ አዳነ እናት ነኝ። ልጄ ለየካቲት 9 ሠርጓ ልቅላ ብላ የሚያቀላ ክሬም ስትቀባ ከርማ ፊቷ ተላልጦ ነበር። ተዪው ብያት ነበር፤ ማን ሰምቶኝ። ጥር 24 ቀን ቅዳሜ ደብረ ታቦር ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት። ሐኪሟም የፊቷ ቆዳ መከላከያው ተጎድቷል፣ የሚያቀላውን ትታ ቆዳ የሚጠግን ክሬም ጠዋትና ማታ ትቀባ፣ ሌላ ነገር አይንካው፣ በወር ውስጥ ይመለሳል አለችን። ክሬሙን በዚያው ዕለት ከተጠርጣሪዋ ከወ/ሮ መሪማ አደም መድኃኒት ቤት ገዛን። ወ/ሮ መሪማም "አይዞሽ ልጄ፣ ይኸ አያቃጥልም" ብላ የመጀመሪያውን በእጇ ቀባቻት።

ክሬሙ እውነትም አያቃጥልም፤ ሽታም የለውም። አራት ቀን ተቀብታው ለውጥ ስላላየሁ ናቅሁት። እኛ ዘንድ መድኃኒት ካልለበለበ ያዘ አይባልም። ሠርጉም ደርሶ፣ የሙሽራው ወገን ፊቷን አይቶ ምን ይል ይሆን እያልሁ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስለዚህ ጥር 28 ቀን ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ገደማ፣ ፋሲካ ውኃ ልትቀዳ እንደወጣች ፌጦ ወቅጬ በሎሚ አሸሁና ከክሬሙ ብልቃጥ ውስጥ ለወስሁት። ለማንም አልተናገርሁም።

ማታ ስትቀባው "እማ፣ ነደድሁ!" ብላ ጮኸች። እኔም "ቻይው፣ እየያዘልሽ ነው" አልኋት። ሁለት ቀን ቻለችው። ዓርብ ጠዋት ፊቷ ቆስሎ ዓይኗም አልገለጥ ስላለ ሆስፒታል አስገባናት።

በማግሥቱ ባለቤቴ አቶ አዳነ "ልጄን የፈጀቻት ያቺ ባለመድኃኒት ናት" ብሎ ሲከስ አጠገቡ ቆሜ ዝም አልሁ። ወ/ሮ መሪማ ከታሰረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። አሁን መናገሬ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ አፍሬአለሁ። ሴትዮዋ ጥፋት የለባትም፣ ትፈታ።

ሆስፒታሉም መልሶ ያዘዘላት ያንኑ ዓይነት ክሬም ነው። ፋሲካ ነርሶቹን አታስነካም፤ "ከእማ በቀር ማንም አይቅባኝ" ትላለች። ዛሬም ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት የቀባኋት እኔ ነኝ። እስካሁን አልነገርኋትም።

ቃሌ በራሴም ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ተነግሮኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የተናገርሁት ነው። ተነቦልኝ እንዳልሁት መጻፉን ሰምቻለሁ፤ እውነት ስለመሆኑ በአውራ ጣቴ አረጋግጣለሁ።

የምስክር አሻራ፦ (አሰለፈች እሸቴ)
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ካሳሁን ሙላቴ (ፊርማ)