ዳሞታ ላይ የቆፈርነው ቦይ

እኔና ጥቂት የሶዶ ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳሞታ ተራራ ላይ ጎርፍ የበላውን የእግር መንገድ በነጻ እንጠግናለን። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ውሃው ወደ ጎን እንዲወጣ መንገዱን አቋርጠን ጥልቅ ቦይ ቆፈርን። መሻገሪያ ድንጋይ ሳናነጥፍበት ከላይ ጩኸት ሰማን። ሰዎች ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ ይወርዳሉ። ቦዩ ጋ ሲደርሱ ድንገት ቆሙ። በአንድ በኩል ገደል ነው፣ በሌላው መግቢያ የሌለው ቁጥቋጦ። "ማነው መንገዱን የቆረጠው?" ብሎ ጮኸ ከፊት የያዘው ባሏ። ዶማዬን ጥዬ ቦዩ ውስጥ ዘለልኩ፤ ጓደኞቼም ተከተሉኝ። "በእኛ ላይ አሳልፏት!" አልኩ። ቃሬዛው ከእጅ ወደ እጅ በጭንቅላታችን ላይ ሲያልፍ ሴትዮዋ ታቃስታለች። ተሸካሚዎቹ ዘለው ተሻግረው ተቀበሉንና ወደ ሐኪም ቤት ቁልቁል ሮጡ።

ከዚያ በኋላ ሥራው እምቢ አለን። አንድ ድንጋይ አንስተን ወደ ታች እናያለን፣ አስቀምጠን እንደገና እናያለን። ደውለን የምንጠይቀው ሰው እንኳ አናውቅም። ወደ አመሻሹ ላይ ባልየው ብቻውን ሽቅብ ሲመጣ ሳይ የያዝኩትን ድንጋይ ጣልኩ።

"ምነው ብቻህን?" አልኩት።

"ወልዳለች። እሷም ልጁም ደህና ናቸው" አለና ቦዩን አየው። "እስካሁን አልጨረሳችሁም እንዴ? ነገ እኮ ሁለቱን ተሸክመን ልንመለስ ነው!"

ይህን ብሎ እጅጌውን ሰበሰበና ትልቁን ድንጋይ ከእኔ ጋር አነሳ።